ችካሉ ከችግኙ ጋር ይተከል

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከዚያ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

ክረምቱ ወጥቷል፤ መሬቱም ጠፈፍ ማለት ጀምሯል። የቲማቲም ችግኝ ያፈላችሁ፣ ወይም ከችግኝ ጣቢያ ገዝታችሁ ለመትከል ያሰባችሁ፣ በዚህ ሰሞን ሥራ በእጃችሁ ነው። ስለ ቲማቲም ሲወራ ጎልቶ የሚወራው ዘሩ፣ ማዳበሪያውና መድኃኒቱ ነው። ድጋፉ የሚታሰበው ግንዱ ከተጋደመና ፍሬው መሬት ከነካ በኋላ ነው። እኔ ዛሬ የምሟገተው ለዚህ ለተረሳው ነገር ነው። በጓሮ ለሚተከል ቲማቲም፣ በተተከለበት ዕለት አጠገቡ የሚቆም ጠንካራ እንጨትና በየሳምንቱ የሚጨመር ለስላሳ ማሰሪያ፣ ኋላ ከሚረጨው ብዙ መድኃኒት ይበልጣል።

እስኪ ከተክሉ ባሕርይ እንጀምር። የቲማቲም መነሻው ደቡብ አሜሪካ ነው፤ ዛሬ ፔሩና ኢኳዶር የሚባሉት አገሮች ያሉበት አካባቢ። የዱር ዘመዶቹ እስከ ዛሬ እዚያ መሬት ላይ ተንሰራፍተው፣ ቁጥቋጦ ሲያገኙም ተደግፈው ይበቅላሉ። ፍሬያቸው ጥቃቅን ስለሆነ ግንዱን አይከብደውም። ሰው ትልልቅ ፍሬ የሚሰጠውን እየመረጠ በዘመናት ብዛት ሲያባዛ ፍሬው ገዘፈ፤ ግንዱ ግን ያው ውኃ የሞላበት፣ ለስላሳ ግንድ ሆኖ ቀረ። አተር እንጨት የሚጨብጥበት ቀጭን ክር አለው፤ ዱባም እንዲሁ። ረጅሙ ፎሶሊያ ደግሞ ራሱን በእንጨቱ ላይ እየጠመጠመ ይወጣል። ቲማቲም ግን መጨበጫም የለው፣ መጠምጠምም አያውቅ። እንጨት አጠገቡ ስላቆማችሁለት ብቻ አይወጣም፤ የሚያወጣው የእናንተ እጅ ነው።

በዱር ሲኖር መውደቁ ብዙም አይጎዳውም። መሬት የነካው ግንድ ሥር ያወጣል፤ ተክሉም ከዚያ ቦታ አዲስ ኑሮ ይጀምራል። እኛ ጓሮ ውስጥ ግን የምንፈልገው ፍሬውን ነው። እርጥብ አፈር የነካ ቲማቲም ሳይቀላ ከታች ይበሰብሳል፤ ቀንድ አውጣ ይበላዋል፣ ዶሮ ይጠቀጥቀዋል። ዋናው ጉዳት ግን በቅጠሉ በኩል የሚመጣው ነው። ዝናብ ወይም የምናጠጣው ውኃ አፈሩን ሲመታ ጭቃው ይረጫል። በአፈሩና ባለፈው ዓመት በወደቀው ቅጠል ላይ የከረመው የበሽታ ዘርም ከጭቃው ጋር ተፈናጥሮ የታችኞቹን ቅጠሎች ይይዛል። ቅጠሉ ላይ ቀለበት በቀለበት የተደራረበ ቡናማ ነጠብጣብ አይታችሁ ከሆነ፣ እሱ አብዛኛውን ጊዜ በዚህ መንገድ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣ በሽታ ነው።

ሌላም አለ። ብዙ ሰው ምች የሚለው፣ ቅጠሉንና ግንዱን በጥቂት ቀናት አጥቁሮ የሚጨርሰው በሽታ ነው። ድንችንም የሚያጠቃው እሱ ራሱ ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1845 አየርላንድ ውስጥ የድንቹን ማሳ መትቶ ለታላቁ ረሃብ ምክንያት የሆነውም ይኸው ነው። ይህ በሽታ በነፋስ ስለሚመጣ እንጨት ስላቆምን አይቀርልንም፤ ቁርጡን ማወቅ ይሻላል። ነገር ግን ቅጠሉ ላይ ያረፈው ዘር ለመብቀል ለሰዓታት የቆየ እርጥበት ይፈልጋል። መሬት ላይ የተኛ፣ ቅጠሉ በቅጠሉ ላይ የተነባበረ ቲማቲም ጠሉ እስከ ረፋድ አይደርቅለትም። ቀጥ ብሎ የቆመው ግን የጠዋት ፀሐይ እንደወጣችበት ነፋሱም አግዞት ቶሎ ይደርቃል። ድጋፍ ተክሉን ከበሽታ ጋር እንዲታገል ጊዜ የሚሰጠው በዚህ መንገድ ነው።

እንጨት ከመፈለጋችን በፊት የያዝነው ቲማቲም የትኛው ዓይነት እንደሆነ እንወቅ። አንደኛው ቁመቱ የተወሰነ ነው። አጠር ብሎ ቁጥቋጦ ይሠራል፤ ጫፉ ላይ አበባ አውጥቶ ማደጉን ያቆማል፤ ፍሬውም በአንድ ሰሞን ተቀራርቦ ይደርሳል። ሮማ ቪኤፍ የምንለው ሞላላው ቲማቲም ከዚህ ወገን ነው። ሁለተኛው ማደጉን አያቋርጥም። ብርድ ወይም በሽታ እስኪያስቆመው ድረስ ያድጋል፣ ያብባል፣ ያፈራል፤ ሁለት ሜትርና ከዚያም በላይ ይሄዳል። መኒ ሜከር ከዚህኛው ነው። የመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከልም እንደ መልካ ሾላ፣ መልካ ሳልሳ፣ ፈጣንና ቢሾላ ያሉ ዝርያዎችን አውጥቷል። ዘር ወይም ችግኝ ስትገዙ ስሙን ብቻ ሳይሆን አስተዳደጉንም ጠይቁ። ሻጩ ካላወቀ ተክሉ ራሱ ይነግራችኋል። በአንድ የአበባ ዘለላና በሚቀጥለው መካከል ሦስት ሦስት ቅጠል እያወጣ የሚሄድ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ማደጉን የማያቋርጠው ነው። አንድ ወይም ሁለት ቅጠል ብቻ ከሆነ አጭሩ ነው።

ለአጭሩ ዓይነት አንድ ሜትር ያህል ከመሬት በላይ የሚቆም ድጋፍ ይበቃዋል። ለረጅሙ ግን ቁመቱ ቢያንስ ሁለት ሜትር የሆነ እንጨት ያስፈልጋል፤ ከዚያ ውስጥ አንድ ክንድ፣ ማለትም 50 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ መሬት ውስጥ ይግባ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ከላይ ያለውን ቁመት አይቶ የሚቀበረውን ይረሳል። ፍሬ ያዘለ ተክል ኪሎዎች ይመዝናል። የካቲት ላይ ነፋስ ሲነሳ እርጥብ አፈር ውስጥ በስንዝር ብቻ የተቸከለ እንጨት ከነተክሉ ይተኛል፤ ያን ጊዜ ሥሩም አብሮ ይነቀላል።

እንጨቱ ከሩቅ አይመጣም። የባሕር ዛፍ አጣና በየሰፈሩ ይሸጣል፤ ቀርከሃ ያለበት አካባቢ ቀርከሃ ከሁሉ ይመረጣል፤ ቀላልና ጠንካራ ነው። ቤት ሲሠራ የተረፈ ፌሮ ካላችሁም ያገለግላል፤ ፀሐይ ላይ ስለሚግል ግን ግንዱ እንዳይነካው አድርጋችሁ እሰሩ። ምስጥ የሚያስቸግርበት አገር የምትኖሩ፣ የእንጨቱን የታችኛውን ጫፍ በእሳት ለብለብ አድርጋችሁ አጥቁሩት። የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት ለአጥር የተለመደ ነው፤ ከምግብ አትክልት አጠገብ ግን አታድርጉት። ዘይቱ ወደ አፈሩ ይገባል፤ ከዚያው አፈር የበቀለውን ነው ልጆቻችሁ የሚበሉት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ችካሉ የሚቸከለው መቼ ነው? ችግኙ በሚተከልበት ዕለት፣ እንዲያውም ከችግኙ ቀድሞ። ጉድጓዱን ቆፍሩ፣ ብስባሽ ወይም በደንብ የበሰለ ፍግ ከአፈሩ ጋር አዋሕዱ፣ ችካሉን በመዶሻ ምቱ፣ ነቅንቃችሁ ሞክሩ፤ ከዚያ ችግኙን ከችካሉ አራት ጣት ያህል አርቃችሁ ትከሉ። ከአንድ ወር በኋላ እንጨት ብትመቱ ግን የምትመቱት በሥሩ መካከል ነው። የቲማቲም ሥር ከምታስቡት በላይ ወደ ጎን ይሄዳል። የተቆረጠ ሥር ያለው ተክል ለቀናት ይጠወልጋል፤ በአበባው ወራት ከሆነም አበባውን ያረግፋል። ችግኙን ስትተክሉት ደግሞ ጠለቅ አድርጉት፤ የታችኞቹን ቅጠሎች ቀንጥባችሁ ግንዱን እስከ ላይኞቹ ቅጠሎች ድረስ ብትቀብሩት፣ ቀደም ብዬ ያልኳችሁ ሥር የማውጣት ባሕርይው እዚህ ይጠቅማችኋል። የተቀበረው ግንድ በሙሉ ሥር ይሆናል። በተክልና በተክል መካከል ለረጅሙ ዓይነት አንድ ክንድ ያህል ተዉ።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ስለ አስተሳሰሩ ልንገራችሁ፤ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። ቲማቲም በአብዛኛው የሚጎዳው በእንጨቱ ሳይሆን በማሰሪያው ነው። ዛሬ እርሳስ የምታህል ግንድ ከሁለት ወር በኋላ አውራ ጣት ታህላለች። ዛሬ ጥብቅ አድርጋችሁ ያሰራችኋት ክር ያን ጊዜ ሥጋዋ ውስጥ ገብታ ውኃና ምግብ የሚያልፍበትን መንገድ ታንቃለች። ስለዚህ ማሰሪያው የ8 ቁጥር ቅርጽ ይኑረው። መጀመሪያ እንጨቱን ጥብቅ አድርጋችሁ ዙሩት፤ ይህኛው እንዳይንሸራተት ነው። ከዚያ ክሩን በእንጨቱና በግንዱ መካከል አንድ ጊዜ አጠላልፉት፤ በመጨረሻ ግንዱን ላላ አድርጋችሁ አቅፉት። በግንዱና በማሰሪያው መካከል ጣታችሁ የሚገባበት ክፍተት ይቅር። የተጠላለፈው ክር በመሃል ሆኖ ነፋስ ሲነሳ ግንዱ እንጨቱን እንዳይፈትገው ይከላከላል።

ማሰሪያውም ለስላሳ ይሁን። ያረጀ ነጠላ ወይም ካናቴራ በሁለት ጣት ስፋት ተቀዶ ከምንም ነገር ይበልጣል። ያረጀ ስቶኪንግ ደግሞ ይለጠጣል፤ ግንዱ ሲወፍር አብሮት ይሰፋል። የቃጫ ገመድና ሲባጎም ይሆናል፤ ወፍራሙን ምረጡ። እንሰት ያለበት ቤት ቃጫ አይቸግረውም። ሽቦ፣ የዓሣ ማጥመጃ ክርና ቀጭን የፕላስቲክ ገመድ ግን ይቅር፤ ነፋስ ሲወዛውዛቸው ግንዱን ይቆርጡታል።

የት ላይ ነው የሚታሰረው? ቅጠል ከግንዱ በሚወጣበት አንጓ ሥር። ቅጠሉ ራሱ ማሰሪያው ላይ ያርፍና ግንዱ ወደ ታች እንዳይንሸራተት ይይዘዋል። ከአበባ ዘለላ ሥር ግን አትሰሩ፤ ፍሬው ሲከብድ ዘለላው ማሰሪያው ላይ ተጫጭኖ ይሰበራል። የመጀመሪያውን ማሰሪያ ችግኙ አንድ ስንዝር ተኩል ሲደርስ እሰሩ፤ ከዚያ በየስንዝሩ አንድ አንድ ጨምሩ። በሚፈጥንበት ወቅት በሳምንት አንድ ጊዜ ማየት ግድ ነው። ሰዓትም አለው። ጠዋት ግንዱ ውኃ ሞልቶት ይገተራል፤ ልታቃኑት ስትሞክሩ ቀጭ ይላል። ከቀትር በኋላ ይለሰልሳል፣ ይታጠፍላችኋል። ማሰሩን ለዚያ ጊዜ አቆዩት።

ረጅሙን ዓይነት በአንድ እንጨት ያቆማችሁ እንደሆነ ደግሞ ቀንበጡን መቀንጠስ አለባችሁ። በግንዱና በቅጠሉ መካከል፣ በብብቱ ላይ፣ አዲስ ቀንበጥ ይወጣል። ብትተዉት ራሱን የቻለ ግንድ ሆኖ እሱም ከየብብቱ ሌላ ያወጣል፤ አንዱ እንጨት ይህን ሁሉ አይችልም። ቀንበጡ ከጣት ሳይረዝም በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ይዛችሁ ወደ ጎን ሰበር አድርጉት፤ ምላጭ አያስፈልግም። ይህን ደግሞ ጠዋት፣ ጠሉ ከደረቀ በኋላ አድርጉት፤ ቁስሉ በቀን ሙቀት ይደርቃል። ትንባሆ የምታጨሱ ወይም ሱረት የምትወስዱ አስቀድማችሁ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ትንባሆን የሚይዘው ቫይረስ ቲማቲምንም ይይዛል፤ በእጅም ይተላለፋል። ከመጀመሪያው የአበባ ዘለላ በታች ያለውን አንድ ጠንካራ ቀንበጥ ብትተዉት ግን ተክሉን በሁለት ግንድ ልታሳድጉት ትችላላችሁ፤ እኔ ለጓሮ የምመርጠው ይህንን ነው። ፍሬው ይበዛል፣ ቅጠሉም ፍሬውን ከፀሐይ ለመሸፈን ይበቃል። በጣም የተመለመለ ተክል ፍሬው በቀትር ፀሐይ ተጠብሶ ጎኑ ይነጣል።

አጭሩን ዓይነት፣ እንደ ሮማ ቪኤፍ ያለውን፣ አትቀንጥሱት። ፍሬውን የሚሰጠው በነዚያው ቅርንጫፎች ላይ ነው። አፈር የነኩትን የታችኞቹን ቅጠሎች ብቻ አንሱለት።

አጭሩን ዓይነት በመስመር ለተከላችሁ፣ ለእያንዳንዱ ተክል ችካል ከመፈለግ የሚሻል መንገድ አለ። የጭቃ ቤት ግድግዳ በቋሚና በማገር እንደሚያያዘው ማለት ነው። በመስመሩ በሁለቱ ጫፍ ወፍራም እንጨት ትከሉ፤ በመሃል በየሁለት ወይም በየሦስት ተክሉ አንድ ቀጠን ያለ ቋሚ አቁሙ። ተክሉ አንድ ስንዝር ሲያልፍ ሲባጎውን ከአንደኛው ጫፍ አስራችሁ በተክሎቹ በአንድ ወገን እያሳለፋችሁ፣ በየቋሚው ላይ አንድ ጊዜ እየዞራችሁ ሌላኛው ጫፍ ድረስ ውሰዱት፤ ከዚያ በሌላው ወገን መልሱት። ተክሎቹ በሁለት ሲባጎ መካከል ይቆማሉ። አንድ ስንዝር ባደጉ ቁጥር አንድ ሌላ ዙር ይጨመራል። ሲባጎው ሲጎተት ኃይሉን ሁሉ የሚሸከሙት የጫፎቹ እንጨቶች ናቸው፤ እነሱን ወደ ውጪ ዘንበል አድርጋችሁ በጥልቀት ካልተከላችሁ መስመሩ በሙሉ ወደ መሃል ይላላል።

የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች፣ እናንተንም አልረሳኋችሁም። አፉ ሰፋ ተደርጎ የተቆረጠ፣ ሥሩ የተበሳ የ20 ሊትር ጀሪካን አንድ ቲማቲም ይይዛል። ከዚያ ያነሰ ዕቃ ውኃ ቶሎ ይጨርሳል። ዕቃው ውስጥ ያለው አፈር ልል ስለሆነ አንድ ችካል አይጸናም፤ ሦስት ቀርከሃ በጠርዙ ዙሪያ አቁማችሁ ጫፋቸውን በአንድነት እሰሩት። እንዲህ ሲሆን ሦስቱ ይደጋገፋሉ። የበረንዳ ብረት ካላችሁ የላይኛውን ጫፍ ከሱ ጋር አያይዙት። ለበረንዳ አጭሩን ዓይነት ምረጡ።

ደጋ ላይ ለምትኖሩ አንድ ነገር ልጨምር። በአገራችን ለቲማቲም ይስማማል የሚባለው ከ700 እስከ 2000 ሜትር ከፍታ ያለው ቦታ ነው፤ የመቂና የባቱ ቲማቲም ገበያውን የሚሞላው ያለ ምክንያት አይደለም። አዲስ አበባ በአብዛኛው ከ2200 ሜትር በላይ ናት፤ ሌሊቱ ሲበርድ አበባው ፍሬ መያዝ ያቅተዋል። እዚህ ላይ ድጋፉ ሌላ ጥቅም አለው። ከመስከረም እስከ መጋቢት የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ አጋድላ ነው የምትሄደው። ስለዚህ ፊቱን ወደ ደቡብ ያደረገ የብሎኬት ግድግዳ ቀኑን ሙሉ ሙቀት ያጠራቅምና ማታ ይመልሰዋል። ቲማቲሙን ከግድግዳው ሁለት ስንዝር አርቃችሁ ትከሉና፣ ግድግዳው ላይ በተመታ ምስማር ሲባጎ ወደ ታች አውርዳችሁ በሱ ላይ አሳድጉት። መሬት ላይ ቢተኛ ይህ ሙቀት አይደርሰውም ነበር።

ድጋፍ የቆመለት ቲማቲም አፈሩን በቅጠሉ አይሸፍንም፤ ስለዚህ መሬቱ ቶሎ ይደርቃል። ደረቅ ሣር ወይም ገለባ ጎዝጉዙለት፤ ጉዝጓዙ እርጥበት ይይዛል፣ የጭቃውንም ርጭት ያስቀራል። ውኃውን ከሥሩ እንጂ ከቅጠሉ ላይ አታፍስሱ። አንድ ሳምንት አስጠምቶ በሚቀጥለው ማጥለቅለቅም ይቅር፤ የፍሬው ታች ጠቁሮ የሚጎደጉደው አብዛኛውን ጊዜ ውኃው ሲዛባና ካልሲየሙ ፍሬው ጋር ሳይደርስ ሲቀር ነው።

ተክሉ የእንጨቱን ጫፍ ሲያልፍ ወይም ኅዳር ላይ ውርጩ ሲቃረብ፣ ከላይኛው የአበባ ዘለላ በላይ ሁለት ቅጠል ትታችሁ ጫፉን ቁረጡት። ከዚያ በኋላ ጉልበቱ የያዘውን ፍሬ ወደ ማብሰል ይሄዳል። ምርቱ ሲያልቅ ግንዱን ከነሥሩ ንቀሉ፤ በሽታ የነበረበትን ከብስባሹ ጋር አትቀላቅሉት። ችካሎቹን በሳሙና እጠቧቸው፤ ከዚያ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጣችሁ አርሷቸውና ፀሐይ ላይ አድርቋቸው። በሚመጣው ዓመት እዚያው ቦታ ላይ ቲማቲም፣ ድንች ወይም ቃሪያ አትድገሙበት፤ ሦስቱም ዘመዳሞች ናቸው፣ በሽታም ይጋራሉ።

ከመለያየታችን በፊት፣ ቲማቲማችሁ ያለ ድጋፍ አድጎ አሁን ለተጋደመባችሁ አንድ ቃል ልበል። በአንድ ቀን ቀጥ ላድርገው ብላችሁ አትጎትቱት፤ ግንዱ ይሰበራል፣ መሬት የነካው ክፍል ሥር አውጥቶ ከሆነም ይበጠሳል። ከቀትር በኋላ፣ ከሥሩ ራቅ አድርጋችሁ ሦስት አራት እንጨት በዙሪያው አቁሙ። ቅርንጫፎቹን በሰፊ ጨርቅ አቅፋችሁ ዛሬ አንድ ስንዝር፣ ከሦስት ቀን በኋላ ሌላ ስንዝር ከፍ አድርጓቸው። እምቢ ያለውን ቅርንጫፍ ተዉት፤ ከሥሩ ብዙ ገለባ አድርጉለት። ግንዱ ቢታጠፍና ቅርፊቱ ሙሉ በሙሉ ባይበጠስ፣ ገጣጥማችሁ በጨርቅ ጠምጥሙት፤ ቲማቲም እንዲህ ያለው ቁስል ብዙ ጊዜ ይሽርለታል። ጨርሶ የተቆረጠውን ጤነኛ ጫፍ ደግሞ አትጣሉት። አንድ ስንዝር ያህሉን ቆርጣችሁ አበባውን አንሱለት፤ እርጥብ አፈር ውስጥ ቀብራችሁ ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ጥላ ሥር ብታቆዩት ሥር ያወጣል። እሱን ስትተክሉት ግን ችካሉን አስቀድሙ።



(የመዝጊያ ሙዚቃ)